ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጣን አሮጌ ጠመንጃ በቤት ውስጥ በቀላል የእጅ መሣሪያ ማጽዳትና መጠበቅ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው በፈቃድ በሚሠሩ አስመጪዎች በኩል ወደ አሜሪካ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ብዙ ፈላጊ አግኝተዋል። ከነዚህም መካከል የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ አባቶቻችን ቤልጅግ ብለው የሚጠሩት በቤልጅየሙ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በኤፍኤን የተሠራ ማውዘር፣ እንዲሁም የጀርመንና የፈረንሳይ ሥራዎች ይገኙባቸዋል። ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ እንደ እኔ በልጅነታቸው በአያታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያዩትን ዓይነት መሣሪያ በስደት አገር ሲያገኙ ልባቸው የማይችል ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጠመንጃው ግን ቤት ሲደርስ በደረቀ ቅባት፣ በአቧራና በዝገት ተሸፍኖ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ ከደስታው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ ይህን እንዴት ላጽዳው የሚል ነው።

እዚህ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአሠራር መመሪያ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ፦ አሮጌ ጠመንጃን ከተኩስ ይልቅ የሚገድለው ጨውና እርጥበት ነው፤ ከጨውና ከእርጥበት የተረፈውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የባለቤቱ የችኮላ እጅ ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ማውዘር በገዛሁ ሳምንት እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ በቨርኒሽ ካሳመርኩት በኋላ፣ አንድ የማውቀው ሰብሳቢ ቀደም ብዬ ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አይቶ በሰደፉ ላይ ተመትቶ የነበረው ማኅተም የት እንደ ደረሰ ጠየቀኝ። ማኅተሙ ወለሉ ላይ ከተጠረገው የእንጨት ብናኝ ጋር ተደፍቶ ነበር።

ሕጉን በተመለከተ

በአሜሪካ የፌደራል ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራ ጠመንጃ በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ የሚታይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ግን ምንም ያህል ቢያረጅ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ በሕጉ ይገዛል። የየግዛቱ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ሊሆን ስለሚችል በሚኖሩበት ግዛት ያለውን ማንበብ የግድ ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት መግዛት ይችላል፤ በትምህርት፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም፤ ይህን ሳያውቁ መጣስ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጉዳይን ሊያበላሽ ይችላል። በአገር ቤት ያለ አንባቢ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ጠመንጃው ከሻጩ ተፈትሾ የመጣ ቢሆንም እንደ ጎረሰ ይቁጠሩት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርገው፣ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይሳቡና ጥይት የሚተኛበትን ክፍልና ካዝናውን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ ከዚያም ዓይን ያላየውን ጣት ሊያገኝ ስለሚችል በትንሿ ጣትዎ ይዳብሱ። ማውዘር አምስት ጥይት በካዝናው ይይዛል። ካርካኖ ደግሞ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያ ብረቱ የሚጎርስ ስለሆነ፣ በውስጡ ማቀፊያ ካለ መዝጊያውን ከፍተው ምላጩን ከከበበው ብረት ፊት ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ላይ ይወጣል። በመጨረሻም በርሜሉ ውስጥ ቀጭን ዘንግ አስገብተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፉን ያረጋግጡ። በአሮጌ በርሜል ውስጥ የተሰነቀረ ጨርቅ፣ የተሰበረ መወልወያ፣ አልፎ አልፎም ሳይወጣ የቀረ እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርዋሪው ጫፍ፣ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥይት በሥራው ጠረጴዛ ላይ፣ ከተቻለም በዚያው ክፍል ውስጥ፣ መኖር የለበትም። ከጠመንጃው ጋር አሮጌ ጥይት የተረከበ ሰው ደግሞ ሊተኩሰውም፣ ሊፈታውም፣ በቆሻሻ መጣያ ሊጥለውም አይገባም፤ ወደ አካባቢው ፖሊስ ደውሎ የት እንደሚያስረክበው መጠየቅ ይበቃዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዕቃው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዋናው ወጪ የሚገባው በሁለት ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥሩ የመወልወያ ዘንግ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነ፣ ከነሐስ የተሠራ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል፤ በብሎን የሚቀጣጠለው ዓይነት ሲጎብጥ መጋጠሚያው የበርሜሉን ውስጥ ይፍቃል። ሁለተኛው ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በወርድም በውፍረትም ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ ነው። በቤት የሚገኘው ተራ ካቻቢቴ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ በመሆኑ የብሎኑን አፍ ያላልጠዋል፤ የተላላጠ ብሎን ደግሞ ጠመንጃውን ያልሠለጠነ ሰው እንደ ነካካው ከሩቅ የሚናገር ምልክት ነው።

ከነዚህ ውጪ ለበርሜሉ ስፋት የሚስማማ የነሐስ ሽቦ ብሩሽ፣ በልክ የተቆረጡ የጥጥ ጨርቆች፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ከቀርከሃ የተሠራ የጥብስ መውጊያ እንጨት፣ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ዝገት ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ዘይት፣ ላምባ ወይም ሽታው የቀነሰ የቀለም ማቅጠኛ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የመኪና ዘይት ሲሞላ የሚያገለግለው አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ማውረጃና አንድ ማሰሮ ውኃ ያስፈልጋሉ። ቤንዚን ግን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ከውኃ ማሞቂያው እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ወይም ከዚያ በፊት የተመታ የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም ገንዘብ (ፔኒ) ይጨምሩበት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

መፍታት

ከሥራው በፊት ጠመንጃውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ያንሱ፤ እያንዳንዱን ብሎን ሲፈቱም የወጣበትን ቦታ በወረቀት ላይ ጽፈው ብሎኑን እዚያው ላይ ያስቀምጡ። የፊተኛውና የኋለኛው ብሎን ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላልና። ለዓመታት ያልተነካ ብሎን በጉልበት አይፈታም፤ ዘልቆ ገቢውን ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ አድርገው ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት ካቻቢቴውን በስንጥቁ ላይ አቁመው በቀላል መዶሻ ጥቂት ጊዜ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ ታች እየተጫኑ ማዞር ነው። አሁንም እንቢ ካለ ሌላ አንድ ቀን ይስጡት።

98 የተባለው የማውዘር ሞዴልና ከእርሱ የተቀዱት ጠመንጃዎች መዝጊያ ያለ ምንም መሣሪያ ይፈታል። መዝጊያው ተቀባብሎ ተዘግቶ ሳለ ከኋላው ያለችውን የመጠበቂያ ክንፍ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያቁሟት፤ በግራ በኩል ያለውን ማቆሚያ ወደ ውጭ ስበው መዝጊያውን ያውጡት። ከዚያም ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እየተጫኑ የኋላውን ክፍል ወደ ግራ ሲያዞሩት ከነመቺ መርፌውና ከነሞላው ተፈትቶ ይወጣል። መርፌውን ከሞላው ለመለየት ጫፉን በእንጨት ላይ በበሱት ቀዳዳ አቁመው ወደ ታች በኃይል መጫንና የኋላውን ቁራጭ ሩብ ዙር ማዞር ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹ ማውዘሮች ሰደፍ ላይ የምትታየው መሐሏ የተበሳ ክብ ብረት ለዚሁ ሥራ የተቀመጠች ናት። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ፊትዎን ዘወር ያድርጉ፣ መነጽርም ያጥልቁ። ማሰሪያ ብሎን የሌለው፣ በጥብቅ የተገጠመ፣ ወይም ምን እንደሆነ ያላወቁት ክፍል ካጋጠመዎ እዚያው ላይ ያቁሙ፤ በርሜሉን ከአካሉ መንቀል ደግሞ በጭራሽ የቤት ሥራ አይደለም።

የደረቀ ቅባትና የእንጨቱ ነገር

መጋዘን ውስጥ የኖረ ጠመንጃ የተቀባው ወፍራም ቅባት ከጊዜ ብዛት እንደ ሰም ይደርቃል። ብረቱን ከእንጨቱ ለይተው በላምባ ወይም በቀለም ማቅጠኛ በተነከረ ጨርቅ ያብሱት፤ ይህም መስኮት በተከፈተበት ወይም በደጅ፣ ከእሳት ርቆ የሚሠራ ነው። ትናንሾቹን ክፍሎች በገበቴ ላምባ ውስጥ አሳድሮ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይበቃል። እንጨቱ ግን ቅባቱን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ስለሚይዝ በሙቀት እንዲያልበው ማድረግ ይሻላል፦ በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በወረቀት ጠቅልለው በበጋ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ያቆዩት፤ ወረቀቱ ቅባቱን ይመጠዋል፤ እየቀያየሩ ይድገሙት። ዳላስ ላይ ያለ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሲያትል ላይ ያለው አንድ ሳምንት ሊፈጅበት እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

እንጨቱ ከተራቆተ በኋላ የተልባ ዘይት ይቀባል። በቀለም መደብር የሚሸጠውና ቶሎ እንዲደርቅ የተዘጋጀው ዓይነት ይሻላል፤ እጅግ ቀጭን አድርጎ በእጅ መዳፍ ማሸት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ በማግሥቱ መድገም ነው። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ አደጋ አለ፦ የተልባ ዘይት ያረፈበት ጨርቅ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨማድዶ በቅርጫት ከተጣለም ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን በደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ነክረው ይክደኑት። ተልባን በቤታችን ለመጠጥ ስንቆላው ያደግን ሰዎች ይህን ጠባዩን አናውቀውም።

ብርጭቆ ወረቀትን በተመለከተ የእኔ ጥፋት ይበቃል።

በርሜሉ፦ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ዘይት

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቀድሞው ዘመን በወታደራዊ ጥይት ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ በአብዛኛው የፖታሲየም ክሎሬት ውሕድ ነበረበት። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ፣ ለወጥ ጨው የቀረበ ጨው በበርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ጨው ብቻውን ብረትን አይበላም፤ ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ስለሚይዝ በእርጥብ አገር በአንድ ሌሊት ዝገት ይጀምራል። የአሜሪካ ጦር ራሱ ለዋነኛ የጠመንጃ ጥይቱ ይህን ዓይነት ማቀጣጠያ በአብዛኛው የተወው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህ ጠመንጃዎች የተተኮሱበት ጥይት ሁሉ ማለት ይቻላል ጨው የሚተው ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨው በዘይት አይሟሟም። በርሜሉን በዘይት የወለወለ ሰው ጨውን ከዘይት በታች ሸፍኖ አስቀመጠው እንጂ አላወጣውም። አሞንያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ የጨውን ጉዳት ያከሽፋል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ውኃው ነው፤ ውኃ ደግሞ ከቧንቧ በነጻ ይገኛል። በጥቁር ባሩድ ይተኮስ የነበረው፣ ስሙን ከፈረንሳዮቹ ፊዚ ግራ የወሰደው የ1874ቱ ውጅግራም ቢሆን ቅሪቱ በውኃ የሚለቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርሜሉን አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ በባልዲ ላይ ያቁሙት፤ ማውረጃውን ጥይት በሚተኛበት ክፍል በኩል አስገብተው የፈላ ውኃ፣ ሁለት ሦስት ሊትር ያህል፣ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። በርሜሉ በጣም ስለሚግል በወፍራም ጓንት ይያዙት። ውኃው የፈላ እንዲሆን የሚያስፈልገው ጨውን ለማሟሟት ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ሲግል የቀረው እርጥበት በራሱ ተንኖ ስለሚያልቅ ነው። ወዲያው ሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉ፤ ብረቱ ገና ለብ እንዳለ ዘይት ያረፈበት ጨርቅ ያስከትሉ። የመዝጊያውን ፊትና የመቺ መርፌውን ጫፍም እንዲሁ ማጠብ አይዘንጋ፤ ጨው እዚያም ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ መወልወሉ ይመጣል። ዘንጉ የሚገባው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከመዝጊያው በኩል ነው፤ የአፈሙዙ ጫፍ እርሳሱን በመጨረሻ የሚለቅ ቦታ ስለሆነ በዘንግ እየተፋቀ በአንድ ጎን ከተበላ ጠመንጃው ዒላማውን ይስታል። ብዙ አሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃዎች ጫፋቸው የተበላው በጥይት ሳይሆን በትጉህ ወታደር መወልወያ ነው። የነሐሱን ብሩሽ በማጽጃ ፈሳሽ ነክረው እስከ ጫፍ ካሳለፉት በኋላ ብቻ መልሰው ይሳቡት፤ በርሜሉ መካከል ላይ አቅጣጫ መቀየር የብሩሹን ሽቦ ያጣምማል። ከዐሥር ያህል ምልልስ በኋላ ጨርቅ ያሳልፉ፤ አንዱ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ ይጣላል። ጨርቁ ጥቁር ከወጣ የባሩድ ጥላሸት ነው፤ ቀይ ቡናማ ከወጣ ዝገት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከወጣ ከእርሳሱ ልባስ የቀረ መዳብ ነው። መዳብን የሚያወጣው አሞንያ ያለበት ልዩ ፈሳሽ በበርሜሉ ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከነሐስ ብሩሽ ጋር ከተጠቀሙበትም ብሩሹ ራሱ ስለሚሟሟ ጨርቁ ለዘላለም ሰማያዊ እየወጣ ያታልልዎታል።

ይህን በአንድ ቀን ለመጨረስ መጣደፍ አያስፈልግም። በዘይት ሞልቶ ማሳደርና በማግሥቱ መቀጠል ከብዙ ፍትጊያ ይበልጣል። በመጨረሻ በብርሃን ሲመለከቱት ጠምዛዛዎቹ መስመሮች ሹል ሆነው ከታዩ፣ በመካከላቸው ጥቁር ነቁጥ ቢቀርም፣ በርሜሉ ደኅና ነው።

የውጭው ዝገት

ሳንቲሙ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት የተመታው አንድ ሳንቲም 95 በመቶ መዳብ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ውስጥ ወደ ዚንክ ተለውጦ መዳቡ ልባስ ብቻ ሆኗል። መዳብ የላላውን ዝገት ለመፋቅ ይበቃል፣ ከብረት ግን ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ዝገቱን በዘይት አርሰው በሳንቲሙ ጠርዝ ሲፍቁት ቀዩ ተነሥቶ የቀድሞው ጥቁር ቀለም ከሥሩ ይቀራል። ሰፋ ላለው ቦታ ባለ አራት ዜሮውን ቀጭን የብረት ሱፍ ከብዙ ዘይት ጋር በቀስታ መጠቀም ይቻላል። ዝገቱ ብረቱን ሁሉ ካለበሰው ደግሞ እንጨትና ሞላ የሌለበትን ብረት በተጣራ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መቀቀል ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁር፣ የተረጋጋ ዝገት ይለውጠዋል፤ ከዚያ ላዩን በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዘይት መቀባት ነው። የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች በርሜል የሚያጠቁሩበት ጥበብ መሠረቱ ይኸው ነው።

የተመታ ቁጥር፣ የአንበሳ ምስል፣ ወይም የግዕዝ ፊደል ባለበት ቦታ ላይ ከጥርስ ብሩሽና ከቀርከሃ እንጨት ያለፈ ምንም ነገር አያሳርፉ። ፊደሉን ለማጉላት ብለው በነጭ ቀለም የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ እንደ ነበረ መተው ክብርም ዋጋም ይጨምርለታል።

መተኮስ ለሚያስብ

ማጽዳት ማለት ለተኩስ ማዘጋጀት አይደለም። መዝጊያውና አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ፣ በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይም ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ በመዝጊያውና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ መታየት አለበት፤ ይህም የጠመንጃ ጠጋኝ ሥራ ነው። በዐድዋ የጣሊያን ጦር በብዛት ይዞት የመጣው ቬተርሊ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 6.5 ሚሊሜትር የተለወጠው ዓይነት ዛሬ ያለውን የካርካኖ ጥይት እንዲተኩስ መሞከር ለፊትም ለእጅም አደጋ ነው። በጀርመኑ የ1888 ጠመንጃ ላይም እርሳሱ 8.08 ሚሊሜትር ከነበረው የመጀመሪያው ጥይት ይልቅ በኋላ የመጣውን 8.22 ሚሊሜትሩን መጉረስ እንዲሁ ነው፤ ጥይቶቹ በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። እነዚህን ሁለቱን በግድግዳ ላይ መተው ይሻላል።

ማስቀመጥ

ሥራው ሲያልቅ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ በጥላሸቱ ውስጥ መርዛማው የእርሳስ ማዕድን አለ፤ ሙቅ ውኃ ደግሞ የቆዳ ቀዳዳን ይከፍታል ተብሎ አይመከርም። ልብስዎንም ከልጆች ልብስ ለይተው ያጥቡ። ብረቱን በጣም ስስ በሆነ ዘይት ይቅቡት፤ መዝጊያው ውስጥ ዘይት አይብዛ። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ በቆዳ ወይም በስፖንጅ ማኅደር ውስጥ አይኑር፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። አፈሙዙን ወደ ታች አዘንብሎ ማቆም ዘይቱ ወደ እንጨቱ ወርዶ እንዳያበሰብሰው ይረዳል። በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር፣ ጥይቱ በሌላ የተቆለፈ ቦታ ሆኖ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ መስቀል ያማረው ሰው መዝጊያውን አውጥቶ ለብቻው ይቆልፍበት። በየሦስት ወሩ አንድ ጨርቅ ማሳለፍ በቂ ነው፤ ጨርቁ ቀይ ከወጣ ጨው ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ማሰሮውን እንደገና ይጣዱ።